መጠጥና መሪ
የተያዘ ሾፌር ሊያውቀው የሚገባ ነገር

ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለማኅበርና ለዓመት በዓል መጠጥ ማቅረብ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጠላው ይቀዳል፤ ጠጁ በብርሌ ይሞላል፤ «በሞቴ አንድ ጨምር» ይባላል። በዱሮ ዘመን የጠጣ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነበር። በቅሎይቱ መንገዱን ስለምታውቅ ጌታዋ ቢያንቀላፋ እንኳ ገደል አትገባም። አውቶሞቢል ግን የነጂው ዓይን ካልሆነ በቀር የራሱ ዓይን የለውም። ነጂው የፈዘዘ እንደ ሆነ እርሱም ይፈዛል፤ በፊቱ ያገኘውንም ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ይጥላል።

ስለዚህ የየአገሩ ሕግ በመጠጥና በመሪ መካከል ወሰን አበጅቷል። ብዙ ነጂዎች ግን ወሰኑ የት እንዳለ የሚያውቁት ካለፉት በኋላ ነው። ሲያዙም መናገር የማይገባቸውን ይናገራሉ፤ መጠየቅ የሚገባቸውን ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ሕጉ ምን እንደሚልና የተያዘ ሰው ግዴታና መብቱ ምን እንደ ሆነ ቀጥለን እንመለከታለን።

ሕጉ ከየት ተነሣ?

ጠጥቶ በመንዳት መጀመሪያ እንደ ተቀጣ የሚነገርለት ሰው የለንደን ከተማ ባለታክሲ ነው። ጆርጅ ስሚዝ የተባለው ይህ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሴፕቴምበር 10 ቀን 1897 በኤሌክትሪክ የሚሄድ ታክሲውን ቦንድ ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ ከሕንፃ ጋር አጋጨው። ጥፋቱን አምኖ 25 ሺልንግ መቀጮ ከፈለ። በዚያ ዘመን ግን «ይህ ሰው ሰክሯል» ብሎ ለመፍረድ ከፖሊስ ዓይንና ከሐኪም ግምት በቀር ሌላ መለኪያ አልነበረም። አንዱ ሰው በአንድ ብርጭቆ ይንገዳገዳል፤ ሌላው አምስት ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዳኛውም በየትኛው ምልክት እንደሚፈርድ ይቸገር ነበር።

ይህን ችግር የፈታው ሳይንስ ነው። ኤሪክ ቪድማርክ የተባለው የስዊድን ሊቅ መጠጥ በሰው ደም ውስጥ እንዴት እንደሚሠራጭና በምን ፍጥነት እንደሚወጣ በቁጥር አስላ። ኖርዌይም በ1936 እ.ኤ.አ. ከማንም አገር ቀድማ በደም ውስጥ ለሚገኘው አልኮል የቁጥር ወሰን በሕግ አወጣች። በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮበርት ቦርከንስታይን የተባለ አሜሪካዊ በትንፋሽ ብቻ የአልኮሉን መጠን የሚያሳውቅ መሣሪያ ሠራ። ትንፋሽ ከሳንባ ሲወጣ በደም ውስጥ ካለው አልኮል የተወሰነ ድርሻ ይዞ ስለሚወጣ፣ ትንፋሹን የለካ ደሙን እንደ ለካ ይቆጠራል።

በአገራችንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ወሰኑ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አልኮል እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። እንዲህ ያለ ደንብና መቀጮው በየጊዜው የሚሻሻል ስለ ሆነ ነጂ ሁሉ በሥራ ላይ ያለውን መጠየቅ ይገባዋል። መሠረቱ ግን አይለወጥም። ሕጉ የሚጠይቀው «ሰክረሃልን?» ብሎ ሳይሆን «በደምህ ውስጥ ስንት አለ?» ብሎ ነው። ስለዚህ «እኔ መጠጥ አይጥለኝም» የሚለው ኩራት በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

ስንት ብርጭቆ ነው?

አንድ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ቢራ የአልኮሉ ኃይል ከመቶ 5 ቢሆን፣ በውስጡ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይገኛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ በባዶ ሆዱ 3 ጠርሙስ አከታትሎ ቢጠጣ በቪድማርክ ስሌት የደሙ አልኮል በሊትር ወደ 0.8 ግራም ይደርሳል። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ግን እዚያው የምትደርሰው በ2 ጠርሙስ ነው። ይህ ግምት እንጂ ለሁሉ ሰው የሚሠራ ሚዛን አይደለም፤ እንደ ምግቡ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ጤናው ይለያያል።

የቢራው ጠርሙስ ኃይሉን በላዩ ጽፎ ይቀርባል። ጠላና ጠጅ ግን የሚጠመቁት እንደየባለሙያዋ እጅ ነው፤ የአንዱ ቤት ጠጅ ከሌላው ቤት እጥፍ ሊበረታ ይችላል። አረቄማ ከሁሉ የከበደ ነው። በመለኪያ የተጠጣ አረቄ ትንሽ ቢመስልም የሚያደርሰው ከጠርሙስ ቢራ አያንስም። ስለዚህ «ሁለት ብርሌ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ነጂ ስንት ግራም እንደ ጠጣ ራሱም አያውቀውም።

ከወሰኑ በታች መሆንም ደኅና መሆን ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መንግሥታት ወሰኑን በሊትር ደም 0.5 ግራም፣ ለጀማሪ ወጣት ነጂዎችም 0.2 ግራም እንዲያደርጉ የሚመክረው፣ የዓይንና የእጅ ቅንጅት ከዚያ በፊት መላላት ስለሚጀምር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር የማግሥቱ ጧት ነው። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በዝግታ ሲሆን፣ በአማካይ በሰዓት 0.15 ግራም ያህል ብቻ ከአንድ ሊትር ደም ይቀንሳል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደሙ 1.8 ግራም የደረሰ ሰው ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ገና 0.9 ግራም ይዞ ይነሣል። ቡናው፣ ቀዝቃዛው ውሃና ትኩሱ መረቅ እንቅልፉን ያባርሩለት ይሆናል፤ አልኮሉን ግን አንዲት ግራም አይቀንሱለትም። የሚያስወግደው ጊዜ ብቻ ነው።

ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆም

አንደኛ፤ ነጂው መኪናውን ጥግ አስይዞ ያቁም፤ መንጃ ፈቃዱንና ሊብሬውን በትሕትና ያሳይ። ጩኸትና ስድብ የመለኪያውን ቁጥር አይቀንስም፤ ሌላ ክስ ግን ሊጨምር ይችላል።

ሁለተኛ፤ በትንፋሽ መለኪያው ሲታዘዝ ይንፋ። መሣሪያው ያሳየውን ቁጥር እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ ሰዓቱንና ቦታውንም ይመዝግብ። ገና አሁን የተጠጣ መጠጥ በአፍ ውስጥ ስለሚቆይ፣ በብዙ አገር ልኬቱ ከ15 ደቂቃ ጥበቃ በኋላ እንዲደረግ ተለምዷል። የሚሰጠውን ወረቀት ሳያነብ አይፈርም። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 34 ለምርመራ አስፈላጊ ሲሆን በሐኪም አማካይነት የደም ምርመራ ጭምር እንዲደረግ ለፖሊስ ሥልጣን ሰጥቷል።

ሦስተኛ፤ ትንፋሽና ቃል የተለያዩ መሆናቸውን ይወቅ። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይህ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደ ተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንዲገለጽለት ያዝዛል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። እንግዲህ ነጂው ስሙንና አድራሻውን ከተናገረ በኋላ «ሌላውን ከጠበቃ ጋር ተማክሬ እናገራለሁ» ቢል ሕግ መጣስ አይደለም። «ትንሽ ነው የጠጣሁት፤ ጓደኛዬ ነው ያስገደደኝ» እያለ የሚለፈልፈው ሁሉ ግን ነገ በመዝገብ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም፤ ሐሰት መናገር ግን ራሱን ይጎዳዋል።

አራተኛ፤ ታስሮ ቢያድር ጉዞው ከሚወስደው ጊዜ በቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው። በአንቀጽ 21 መሠረትም የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ወዳጆቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ። በዋስ መለቀቅም መብት ነው፤ ሊከለከል የሚችለው ሕግ በደነገገው ልዩ ሁኔታ በፍርድ ቤት ነው።

አምስተኛ፤ ገንዘብ በእጅ ማስጨበጥ አይሞክር። ጉቦ መስጠት እንደ መቀበል ሁሉ ወንጀል ነው። በመቀጮ ሊያልቅ የነበረውን ነገር ወደ እስር ቤት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ይህ የጨለማ ብልጠት ነው።

ሰው የተጎዳ እንደ ሆነ

እስከ አሁን የተናገርነው ማንም ሳይጎዳ ስለ ተያዘ ነጂ ነው። የሰው ሕይወት ካለፈ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኛነት ሰው የገደለውን በሦስት ደረጃ ይለየዋል። ተራው ቸልተኛነት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። እንደ ሐኪም ወይም እንደ አሽከርካሪ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል፤ መቀጮም ይታከልበታል። ጥፋተኛው ግን አልኮል ወይም ሌላ የሚያሰክር ነገር ወስዶ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ያደረሰ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ልዩነቱን ልብ በል። መንገዱ ያው፣ መኪናው ያው፣ የሞተውም ሰው ያው ሲሆን፣ የጠጅ ብርሌው የነጂውን ዕድሜ ከቀላል እስራት አንሥቶ ወደ ጽኑ እስራት ያሻግረዋል። የዋስትናውም ነገር እንዲሁ ነው። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 63 ዋስትናን የፈቀደው ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚደርስ ጽኑ እስራት የማያስከትል ሲሆንና ተጎጂው ይሞታል ተብሎ የማይታሰብ ሲሆን ነው። እንግዲህ ሰክሮ ሰው የገደለ ነጂ ፍርዱን የሚጠብቀው እታሰረበት ሆኖ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡም ያለ ሠራተኛ ይቀራል። ሟቹም በበኩሉ ሚስትና ልጆች ይኖሩታል፤ እነርሱን በመቀጮም ሆነ በእስራት የሚክሳቸው የለም።

አንዳንዱ ነጂ በድንጋጤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ያመልጣል። ይህ ከመጠጡ የባሰ ጥፋት ነው። ሕግም ያቆሰለውን ሰው ሳይረዳ ጥሎ የሄደውን ይቀጣል። በመንገድ ላይ የወደቀ ሰው የሚተርፈው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። መቆም፣ መርዳት፣ ሐኪምና ፖሊስ መጥራት የነጂው የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

በአሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችን

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን በታክሲ ሥራ ስለሚተዳደሩ ስለዚያ አገር ሕግም ጥቂት እንጨምር። በአሜሪካ ወሰኑ 0.8 ግራም ሲሆን፣ ዩታ የተባለው ክፍለ ግዛት ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ወደ 0.5 አውርዶታል። ለከባድ የንግድ ተሽከርካሪ ነጂዎች የፌዴራሉ ወሰን 0.4 ነው። እዚያም ላለመናገር መብት አለ፤ ይሁን እንጂ በሕግ ከተያዙ በኋላ የትንፋሽ ልኬትን እምቢ ማለት ብቻውን መንጃ ፈቃድን ሊያሳግድ ይችላል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ ጥፋቱን ከማመኑ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ቢያማክር ይበጀዋል፤ ቀላል የመሰለው ጥፋት በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ጣጣ ሊያመጣበት ይችላልና።

ምክር

መብትን ማወቅ መልካም ነው፤ መብትን ወደሚያስፈልግበት ቦታ አለመድረስ ግን ከዚያ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ወደ ግብዣ የሚሄድ ሰው መመለሻውን ከመጠጣቱ በፊት ያስብ። ከጓደኞች መካከል አንዱ ሳይጠጣ ይቆይና መሪውን ይያዝ፤ ይህ ካልሆነ ታክሲ ይጠራ፤ ወይም መኪናው እዚያው ይደር። ጋባዡም ድርሻ አለበት። «በሞቴ» ብሎ ብርሌውን የሞላ ሰው፣ እንግዳው ሲነሣ ቁልፉን ተቀብሎ «በሞቴ እዚሁ እደር» ቢል የወዳጅነቱ ልክ ያን ጊዜ ይታወቃል።