ለጋው ፈረስ ተሸነፈ፤ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የወጣ ሰው የሚያየውን ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚያ ቀን ፈረሱን በጌጥ አሸብርቆ ያወጣል፤ ጉግሱም ግልቢያውም ይደምቃል። እኛ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የምናነሣው ልጓም ይዞ አንገቱን ደፍቶ ከሜዳው ዳር የቀረውን ሰው ነው። ያ ሰው እርስዎ ቢሆኑስ? ብዙ የተወራለት የሦስት ዓመት ዳማዎ ከኋላ ገብቷል፤ በማግስቱም ነጋዴ ዋጋ ቆርጦ ደጅዎ ቆሟል።

እባክዎ ለጊዜው አይሽጡት።

አስቀድመው አፉን ከፍተው ጥርሱን ይዩ። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሱን መለወጥ የሚጀምረው በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ አፉ የሚሞላው በአምስት ዓመቱ ነው። የጀርባው አጥንት ደግሞ ከጉልበቱ ዘግይቶ ይጠናል። እንግዲህ ዳማዎ ገና አልቆመም፤ በልጅ ላይ የጎልማሳ ፍርድ ሊሰጡ ነውን?

ቀጥሎ ልቡን ያዳምጡ። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ በግልቢያ ጊዜ ከ200 ያልፋል። መታየት ያለበት አወጣጡ ሳይሆን አወራረዱ ነው። ከሩጫ በኋላ ቶሎ የሚሰክን ልብ፣ በሽንፈት ቀን እንኳ ጥሩ ምስክር ነው። በማግስቱ ትኩሳቱ ከ38 ነጥብ 5 በላይ ከሆነ ግን ነገሩ የበሽታ እንጂ የጉልበት አይደለም።

በሽታ ከተነሣ ዘንድ ወደ ጋሞ እንውረድ። ኦቾሎ በአለታማ አምባ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከዚያ ሆነው ቁልቁል ቢመለከቱ አባያ ሐይቅ ከነቆላው ተዘርግቶ ይታያል። ዐይን የማይጠግበው አገር ነው። ነገር ግን ቆላው የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብም አገር ነው። ደጋ ያደገ ፈረስ ወደዚያ ወርዶ ከተነደፈ፣ ትኩሳቱ እየመጣ እየሄደ፣ ደሙ እያነሰ ይከሳል። ከውጭ ለሚያየው ስንፍና ይመስላል! ባለቤቱም ጅራፍ ያነሣል፤ የሚያሻው ግን የእንስሳት ሐኪምና የደም ምርመራ ነበር። ስለዚህ ፈረስዎ ባለፉት ወራት የት እንደ ከረመ ያስታውሱ።

ከዚያ ጋላቢውን ያነጋግሩ። ሲነሣ ተገፍቶ ነበርን? ሰኔ 27 ቀን 1964 ዓ.ም. በኒውዮርክ፣ በአኩዊደክት ሜዳ፣ ሴክሬታሪያት የተባለ ለጋ ፈረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠ። ገና ሲነሣ ተገጨ፤ አራተኛ ወጣ። ወረቀቱን ብቻ ያነበበ ሰው ተስፋ ይቆርጥበት ነበር። አጨራረሱን ያየ ግን ከአሸናፊው የለየው አንድ ፈረስ ርዝመት ከሩብ ብቻ መሆኑን አስተዋለ። በ11ኛው ቀን በስድስት ፈረስ ርዝመት ቀደመ። ሰኔ 2 ቀን 1965 ዓ.ም. በቤልሞንት 2,400 ሜትር ያህሉን በ2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ጨርሶ፣ ተከታዩን በ31 ፈረስ ርዝመት ጥሎት ገባ። ሲቢስኬትማ የመጀመሪያዎቹን 17 ውድድሮች አከታትሎ የተሸነፈ ነው!

እርግጥ የተሸነፈ ሁሉ ሴክሬታሪያት አይደለም። ጤናው ተመርምሮ፣ አጥንቱ ጠንቶ፣ አነሣሡም አምሮ ደጋግሞ ኋላ ከቀረ፣ ሩጫውን ትተው ሶምሶማ ያስለምዱት። ደልዳላ የመንገድ ፈረስ በገጠር ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ለወገብም ይሻላል።

ለአሁኑ ግን ነጋዴው ከመጣ ቡና ያጠጡትና፣ «ከፋሲካ በኋላ ተመለስ» ይበሉት።