የማኅበሩ መዝገብና የአያት መንደር

ከጀርመን ተነሥተው፣ ውቅያኖስ ተሻግረው በአሜሪካ የሰፈሩትን አበው ሐረገ ትውልድ ለማወቅ የሚደክም ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ መንግሥት መዝገብ ነው፤ በሕዝብ ቆጠራውም የቅድመ አያቱን ስም፣ ዕድሜና ሙያ ካገኘ በኋላ፣ የትውልድ አገር ከሚለው ዐምድ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ «ፕሩስያ» ወይም «ጀርመን» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋ ያያል። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ የሚገኘው በየደብሩ ስለ ሆነ፣ የመንደሩን ስም ያላወቀ ፈላጊ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይጠፋበታል። በዚህም ላይ በ1921 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የተነሣው እሳት ለ1890ው ቆጠራ መዝገብ መጥፋት ምክንያት ስለ ሆነ፣ የጀርመኖች ስደት እጅግ በበዛበት ዘመን ላይ የሃያ ዓመት ክፍተት ተፈጥሯል።

መንግሥት ያልጠየቀውን ግን ማኅበሩ ጠይቆ ነበር። ጀርመኖች በሄዱበት ሁሉ «ፌራይን» የሚሉትን ማኅበር ያቆሙ ነበር። በ1764 በፊላደልፊያ የተቋቋመው ማኅበር የመርከብ ዋጋቸውን በዓመታት አገልግሎት ለመክፈል ራሳቸውን ያስያዙትን ድኾች ከግፍ ለመጠበቅ የተነሣ ነው፤ በ1848 በባደን ለነፃነት ተነሥቶ የተሸነፈው ፍሪድሪኽ ሄከር ደግሞ በዚያው ዓመት በሲንሲናቲ የስፖርት ማኅበር፣ ማለትም «ቱርንፌራይን» ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። መዘምራኑም የየራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ የአንድ አውራጃ ልጆችም እንዲሁ ይሰበሰቡ ነበር። በ1878 በቺካጎ የቆመው የሽቫቤን ሰዎች ማኅበር ስሙ ብቻውን ፈላጊውን ከሰፊው ጀርመን አውጥቶ ወደ አንድ አውራጃ ያቀርበዋል።

ከሁሉ ይልቅ ፍሬ የሚገኝበት ግን እንደኛ እድር ያለው፣ አባሉ ሲታመም የሚረዳው፣ ሲሞት ቀብሮ ለባለቤቱ ገንዘብ የሚሰጠው የመረዳጃ ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር የሚቀበለውን ሰው ሳያውቅ ገንዘብ ሊከፍልለት አይችልምና፣ አመልካቹ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ፣ ምን ሙያ እንዳለው፣ ጤናው እንዴት እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተወለደም ይጠይቀው ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሀብት አመልካቹ የሚያቀርባቸው ዋሶች ስም ነው። አዲስ የመጣ እንግዳ በባዕድ ከተማ የሚዋስለት ማንን ያገኛል? ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የወንዙን ልጅ፣ የአጎቱን ልጅ ወይም አብሮት በመርከብ የመጣውን ጎረቤት ነውና፣ የቅድመ አያቱ መንደር ያልተጻፈለት ፈላጊ የዋሱን ስም ተከትሎ ሊደርስበት ይችላል።

መዝገቡን ማንበብ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ቃለ ጉባኤው «ኩረንት» በሚባለው አሮጌ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ነው፤ በዚህ ጽሕፈት «ኤ» የተባለችው ፊደል «ኤን»ን ስለምትመስል፣ «ኡ»ም ከ«ኤን» የምትለየው በራስጌዋ በተሰመረች ትንሽ ቅስት ብቻ ስለ ሆነ፣ ጀርመንኛ የሚያውቅ ሰው እንኳ ፊደሉን እንደ ተማሪ ቤት ሕፃን እንደ ገና መቁጠር አለበት።

ይህ ሁሉ ተርፎ ለእኛ ዘመን መድረሱ እጅግ ያስደንቀኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመንኛ መናገር እንደ ክህደት ይቆጠር ስለ ነበር፣ ብዙ ማኅበራት ስማቸውን ለወጡ፤ በኢንዲያናፖሊስ «ዳስ ዶይቸ ሃውስ» ይባል የነበረው ታላቅ የማኅበር አዳራሽም በ1918 «አቴኔየም» ተባለ። ከጊዜ ብዛትም ማኅበሩ ሲፈርስ መዝገቡ በመጨረሻው ጸሓፊ ቤት የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ የታደለው ግን ወደ ቤተ መዛግብት ይገባል። በዚያችው በኢንዲያናፖሊስ ያለው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የቱርንፌራይኖችን ሰነድ ሰብስቦ ይዟል፤ በፊላደልፊያም የ1764ቱ ማኅበር እስከ ዛሬ የራሱ ቤተ መጻሕፍት አለው።

ፈላጊው በመጨረሻ የመንደሩን ስም ሲያገኝ፣ የሚያገኘው በትክክለኛ አጻጻፉ የመሆኑ ተስፋ ብዙ ነው። የቆጠራው ጸሓፊ የባዕዱን ስም በእንግሊዝኛ ጆሮ ሰምቶ እንደ መሰለው ሲጽፈው፣ የማኅበሩ ጸሓፊ ግን ራሱ ጀርመን ነበርና፣ ወንድሙ የተወለደባትን መንደር እንደ ሰማት በገዛ ቋንቋዋ ጻፋት።