የሽፈራው ዘይትና የጓዳ ቅባት

በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ቆላማ ቀበሌዎች ሽፈራው፣ የአካባቢው ሰው ሃሌኮ የሚለው፣ ከጓሮ የማይጠፋ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ኩርኩፋ ከሚባለው ምግብ ጋር ይበላል፤ የፍሬው ዘይት ግን እምብዛም አይነሳም። ዘይቱ እንደ ወይራ ዘይት ሁሉ አብዛኛው ክፍሉ ኦሌይክ አሲድ የተባለ የስብ አሲድ ስለሆነ ደረቅ ቆዳን ያለሰልሳል፣ እርጥበቱንም ይይዛል። በቤት ለማውጣት ፍሬው ተፈልፍሎ በስሱ ይታመሳል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ከውሃ ጋር በዝግታ ይፈላል። ወደ ላይ የተንሳፈፈው ዘይት ተገፎ፣ ቅቤ ሲነጠር እንደሚደረገው፣ መንጣጣቱ እስኪያቆም እንደገና እሳት ላይ ይቆያል። ወሳኟ ይህች የመጨረሻዋ ሥራ ናት፤ ምክንያቱም ውሃ ያለበት ቅባት ለጀርም ይመቻል።

ስለዚህ በጓዳ የሚሠራ ቅባት ከንጹሕ ዘይት ባያልፍ ይሻላል ባይ ነኝ። እሬት ወይም አቮካዶ የገባበት ውሃማ ክሬም በአርባ ምንጭ ሙቀት በቀናት ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ሊያፈራ ይችላል። የፋብሪካ ክሬም ውስጥ ማቆያ የሚጨመረውም ይህን ለመከላከል ነው፤ «ኬሚካል» እየተባለ በጅምላ መወገዙ (ውሃም ኬሚካል መሆኑ ተረስቶ) ፍትሐዊ አይደለም። «እናቶቻችን እሬት ተቀብተው ምን ሆኑ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ትኩሱን ቆርጦ ተቀብቶ መታጠብ ሌላ፣ በብልቃጥ ለወር ማስቀመጥ ሌላ። «ተፈጥሯዊ ነገር አይጎዳም» የሚለውም አያስኬድም፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ቆዳው ሊቃጠል፣ ለሳምንታትም ሊጠቁር ይችላል። የሽፈራው ዘይትም ቢሆን ፀሐይ መከላከያን አይተካም። ዘይቱን መጀመሪያ በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብተው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ካሳከከዎ ይተዉት፣ ሽታው ከተለወጠም ይድፉት።