ከፍታችን ካላባር ድረስ ይከተለናል?

ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከሰበታ የምንመላለስ ተማሪዎች ስለ ኳስ ስናወራ አንድ ክርክር አይጠፋም፦ ደጋ ያደገ ተጫዋች ቆላ ሲወርድ ለምን ይከብደዋል?

ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተደገመና የብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ቀረ።

ችግሩ ትንፋሽ አይመስለንም። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሰውነትም ቀይ የደም ሕዋስ አብዝቶ ይላመዳል። የሱሉልታ ሯጮች ከፍታ የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው። ካላባር ሲወረድ ኦክስጅን ይተርፋል እንጂ አያንስም። የሚከብደው ወበቁ ነው፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ ቶሎ አይተንም፣ ገላ አይቀዘቅዝም። ኳሷም ጠባይዋ ይለወጣል፤ በስስ አየር ሩቅ የምትሄደዋ ኳስ እዚያ አየሩ ይይዛትና ታጥራለች። (ፊዚክስ የወሰደ ይመስክር!)

እኛ ግን የምንቆጨው በመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ከፍታው የሚያግዘን በሜዳችን ነበር፤ በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ ካገባ በኋላ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለቱንም ያስቆጠረው እዚሁ፣ በስሱ አየር ነው። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 የረታንበት «የሜዳችን» ጨዋታማ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር፤ የአገራችን ስታዲየሞች መስፈርቱን ስላላሟሉ።