የፍለጋ አኃዝና የሕዝብ ልብ፦ ተረትና እውነታ ከሐይቅ እስከ አምባሰል

በቀድሞው ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደ ነበር ከአባቶች የወረደው ትውፊት ይነግረናል፤ በአደባባይ ያልተነገረ ብሶት ከብት እየጠበቀ በሚያንጎራጉር ልጅ አፍ ይወጣል ተብሎ ይታመን ነበርና። በእኛ ዘመን የእረኛውን ቦታ የያዘው የኢንተርኔት መፈለጊያ ነው። «ሕዝቡ ምን ይላል?» የሚል ጥያቄ በተነሣ ቁጥር፣ ጉግል ትሬንድስ የተባለውን የፍለጋ መለኪያ ከፍቶ፣ ወይም በፌስቡክና በቴሌግራም የተጻፈውን «ደጋፊ፣ ተቃዋሚ፣ ገለልተኛ» እያለ የሚለይ የስሜት መተንተኛ ፕሮግራም አስኪዶ፣ የወጣውን አኃዝ የሕዝብ ድምፅ ነው ብሎ ማቅረብ እየተለመደ መጥቷል። በዚህ ልማድ ላይ የበቀሉትን ተረቶች ለመመርመር ከደቡብ ወሎ ሐይቅንና አምባሰልን መርጫለሁ፤ የእነዚህ አገሮች ነገር፣ ከስማቸው ጀምሮ፣ መሣሪያውን ክፉኛ የሚፈትን ነውና።

ተረት፦ የአንድ ቦታ ስም በብዛት ከተፈለገ ሰው ስለዚያ ቦታ አብዝቶ እያሰበ ነው።

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ሐይቅ ስሟን ያገኘችው ከአጠገቧ ካለው ውኃ ነው። እንግዲህ «ሐይቅ» ብሎ የፈለገው ሰው ከተማይቱን ይሻ እንደ ሆነ፣ የሐዋሳን ወይም የጣናን ሐይቅ ይሻ እንደ ሆነ፣ ወይም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ያፈሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ይሻ እንደ ሆነ የፍለጋው መዝገብ አይናገርም። በዚህም ላይ ጸሓፊው ሁሉ እንደ ልማዱ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ እያለ ስለሚጽፍ፣ ለእኛ አንድ የሆነው ቃል ለመሣሪያው ሦስት ሊሆንበት ይችላል። በላቲን ፊደል የተጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ፣ አርመኖች የነገዳቸው አባት የሚሉት ሰው ስም ሀይክ ነውና፣ ፍለጋው በዓለም ዙሪያ ሲቆጠር የአርመኗ የየሬቫንና የተሁለደሬ ጉዳይ በአንድ መስመር ላይ ተደባልቆ ይወጣል።

አምባሰልም ከዚህ አያመልጥም፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ ነውና፣ ስሙን የሚፈልገው ክራር የሚማር ወጣት ወይም የዘፈን ወዳጅ ስለ ወረዳው አንዳች አሳብ ላይኖረው ይችላል። የወረዳው ከተማ ውጫሌም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተፈረመው ውል ስለምትታወቅ፣ በየካቲት፣ በዓድዋ በዓል ሰሞን፣ የፍለጋው መስመር ከፍ ብሎ ቢታይ 17ኛውን አንቀጽ የሚያጠናው ተማሪ በዝቷል ማለት እንጂ የውጫሌ ነዋሪ ስለ ውኃና ስለ መንገድ ተቆጥቷል ማለት አይደለም። ጉግል ቃልን ከርእሰ ጉዳይ ለይቶ ለማሳየት እንደሚሞክር አውቃለሁ፤ ይህ ግን ለታላላቅ ከተሞች ይበጅ ይሆናል እንጂ እንዲህ ላሉት አገሮች እምብዛም አይረዳም።

ተረት፦ የተፈለገ ነገር የተወደደ ወይም የተጠላ ነው።

ሰው የሚፈልገው የማያውቀውን ነው። በየዓመቱ ለመስከረም 21 ክብረ በዓል ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ በእግሩ የሚወጣው የአምባሰል ገበሬ መንገዱን ጉግል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳለመው ነው። በፍለጋ የሚለካ እምነት ቢኖር ኖሮ፣ ያ ዕድሜ ልኩን ሲሳለም የኖረው ሽማግሌ ምንም ሃይማኖት እንደሌለው ሆኖ በተቆጠረ ነበር።

ተረት፦ 100 ማለት መቶ በመቶ ነው።

አይደለም። መሣሪያው ፍለጋዎችን በናሙና ወስዶ፣ በተመረጠው ዘመንና ቦታ ውስጥ ቃሉ ከጠቅላላው ፍለጋ ድርሻው ከፍ ያለበትን ጊዜ 100 ብሎ ሌላውን ከዚያ አንጻር ይመድባል። ስለዚህ ፍለጋ በሚያንስበት አገር ጥቂት ሰዎች 100ን ሊያስገኙ ይችላሉ፤ ከመጠን በታች የሆነው ደግሞ ዜሮ ተብሎ ይወጣል። ተሁለደሬንና አምባሰልን የሚያህል ወረዳም ለይቶ አያሳይም።

ከሁሉ የከፋው ተረት ግን ኢንተርኔት ሁሉንም ይሰማል የሚለው ነው። በቅርብ ዓመታት ግምት በኢትዮጵያ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ሲሆን፣ ከእነዚህም የከተማው ወጣት ከገጠሩ እናት ይበዛል። ስለ ሐይቅ በፌስቡክ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን ነው፤ የስደተኛው ናፍቆትና ቁጣ እውነተኛ ቢሆንም የገበያው ቀን ጭውውት አይደለም። ከዚህም ይልቅ፣ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና አካባቢዋን በያዘ ጊዜ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ነበር፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ሕዝቡ እጅግ ብዙ የሚለው በነበረበት ወራት መስመሩ ወደ ታች ወርዶ ይታያል፤ ይህን አይቶ «ሕዝቡ ተረጋግቷል» ብሎ የሚጽፍ ሰው የገመዱን መቆረጥ እንደ ዝምታ ቆጥሯል።

ብዛት ይህን ጉድለት ያክመዋል የሚሉም አሉ። ነገር ግን በፈረንጆች 1936 ዓመት ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰው የድምፅ መስጫ ወረቀት ልኮ፣ ከ2 ሚሊዮን የበለጠ መልስ ሰብስቦ፣ በፕሬዚዳንቱ ምርጫ ላንዶን ያሸንፋል አለ፤ ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ስሞቹ በአመዛኙ ከስልክ መዝገብና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ተወስደው ነበርና ድኻው አልተጠየቀም፤ ከተጠየቁትም የመለሰው ጥቂቱ ነበር። ጉግልም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፍለጋ ቃላት የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት የሚገምት አገልግሎት ጀምሮ፣ በ2012ና በ2013 መካከል በነበረው የብርድ ወቅት ግምቱ ከጤና ባለሥልጣኖቹ አኃዝ እጥፍ ያህል ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ2015 ዘጋው።

ተረት፦ ማሽኑ ስሜትን ያነባል።

አንድ ሰው መብራት በጠፋበት ማታ «እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ፣ በጨለማ መብላት ለምዶብናል» ብሎ ቢጽፍ፣ ቃል የሚቈጥረው ፕሮግራም «እሰይ»ንና «ደግ»ን አይቶ ምስጋና ነው ይላል። «ጠላ» የሚለውን በጥላቻ ዝርዝር ውስጥ የመዘገበው ደግሞ የሠርግ ቤት ድግስን ተቃውሞ አድርጎ ያቀርባል። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ዐረፍተ ነገሩን በምልአት ስለሚያዩ ከዚህ የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን በአመዛኙ የሚሠለጥኑት ሰዎች አስቀድመው በለዩት ጽሑፍ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው አፍሪሴንቲ የተባለው ስብስብ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚገኙባቸውን 14 የአፍሪካ ቋንቋዎች ይዞ፣ ከ110,000 በላይ የትዊተር መልእክቶችን የየቋንቋው ተናጋሪዎች እንዲለዩአቸው አድርጓል። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም በትዊተር አማርኛ የሠለጠነ ማሽን የወሎ ሰው በሰምና ወርቅ ሲናገር ወርቁን ያገኛል ብሎ መማል፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ድፍረት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል መሣሪያው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አንድን ቃል በአንድ ክልል ከዓመት ዓመት ማነጻጸር፣ ለምሳሌ «ማዳበሪያ» በዘር ወቅት ዘንድሮ ከአምና ይልቅ መፈለጉን ማየት፣ ለጋዜጠኛ የጥያቄ መነሻ ይሰጠዋል። መልሱን ግን ሰው መጠየቅ ያስፈልገዋል። አፍሮባሮሜትር በኢትዮጵያ በ2013 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጥናት 2,400 ሰዎችን በናሙና ስልት መርጦ ፊት ለፊት ጠይቋል፤ በደንብ የተመረጠ እንዲህ ያለ ናሙና ለአገር አቀፍ ውጤት ሁለት ከመቶ ገደማ ወዲያና ወዲህ ብቻ ይስታል። ለአንድ ወረዳ ብቻ ግን ይህም አይበቃም፤ በዚያው ወረዳ የተለየ ናሙና ይሻል።

ስለሆነም ስለ ሐይቅና ስለ አምባሰል «ሕዝቡ እንዲህ አለ» ብላችሁ የምትጽፉ ጋዜጠኞችና የምትወስኑ ሹማምንት፣ ከአኃዙ አጠገብ ስንት ሰው እንደ ተጠየቀ፣ በየትኛው ቀበሌና በምን ቃል እንደ ተጠየቀ ጻፉልን፤ ማንም ካልተጠየቀም «ይህ የፍለጋ ብዛት ነው» ብላችሁ አስታውቁን።