የጠመንጃ ልክ ምርመራና መለዋወጫ

የጠመንጃ ልክ ምርመራ ማለት የአንድ ጠመንጃ ክፍሎች እርስ በርሳቸውና ከሚጎርሰው ጥይት ጋር በትክክል መግጠማቸውን በመለኪያ ማረጋገጥ ነው። መለዋወጫ ደግሞ ያረጀ ወይም የተሰበረ ክፍልን ለመተካት የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ መለዋወጫ ስለተገኘ ብቻ ይገጥማል ማለት አይደለምና።

እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እያንዳንዱ ጠመንጃ በሞረድ እየተሞረደ በእጅ ይሠራ ስለነበር፣ የአንዱ ክፍል ለሌላው አይሆንም ነበር። ፈረንሳዊው የጠመንጃ ሠሪ ኦኖሬ ብላን በ1785 እ.ኤ.አ. ገደማ ከተደባለቀ ክምር ውስጥ በዘፈቀደ የተነሡ ክፍሎችን ገጣጥሞ አሳየ። በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰንም ይህን አይቶ ወደ አገሩ ጽፏል።

== ዋናው ልክ ==

ከሁሉም የሚያሰጋው በማቀባበያው ብረት ግንባርና በጥይቱ ቂጥ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከበዛ ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሁ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከተቀደደም የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ምርመራ በጥይት ቅርጽ የተሠሩ ሁለት የብረት መለኪያዎች አሉ። በአንዱ ላይ ማቀባበያው መዘጋት አለበት፣ በሌላው ላይ መዘጋት የለበትም። በሁለተኛውም ላይ ከተዘጋ ጠመንጃው ከአገልግሎት ይወጣል። በብዙ ጠመንጃዎች ማቀባበያና አካል ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚታተመውም ጥንዶቹ አብረው ስለተለኩ ነው።

== በኢትዮጵያ ==

በኢትዮጵያ ችግሩ የጠመንጃው ብዛት ሳይሆን ዓይነቱ ነበር። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ጦርነቶች ከግብፅ ጦር ብዙ ሬሚንግተን ተማረከ። ፈረንሳይ ሠራሹ ግራ፣ በአማርኛ ውጅግራ የተባለው፣ 11 ሚሊ ሜትር ነበር። የጣልያኑ ቬተርሊ 10.4፣ የሩሲያው በርዳን 10.75 ሚሊ ሜትር ነበሩ። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ የአንዱ ጥይት ግን ለሌላው አይሆንም። የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለነበር ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ይዘዋወር ነበር፤ በዚህ መንገድ የተንገላታ ጥይት ሳይመረመር መጉረስ አይመከርም።

በስም አንድ የሆነውም ያሳስታል። የ1888 እ.ኤ.አ. 7.92 ሚሊ ሜትር የጀርመን ጥይት እርሳሱ 8.08 ሚሊ ሜትር ያህል ወርድ ነበረው፤ በኋላ የመጣው ግን 8.2 ያህል ነው። አዲሱን ለአሮጌው አፈሙዝ መጠቀም ግፊቱን ያንረዋል።

በጋሞ ነፍጥ የአስተዳደር ቃል ጭምር ሆኗል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ የሰፈሩት ወታደሮች ነፍጠኛ ተባሉ። ሴቻና ሲቀላ የሚባሉት የአርባ ምንጭ ክፍሎች ከመቆርቆራቸው በፊት የአስተዳደሩ መቀመጫ ጨንቻ ነበረች። ከወደብ በዚህ ያህል ርቀት የተሰበረ ክፍል ቶሎ አይገኝም፤ ከሌላ የተሰበረ ጠመንጃ ፈቶ መግጠም ቀላሉ መንገድ ቢመስልም፣ ልኩ የሚዛባው በዚሁ ነው።

== ምን ይቀመጣል ==

ቶሎ የሚያልቁት የመምቻ መርፌ፣ ሞላዎች፣ የቀለህ ማውጫና ብሎኖች ናቸው። መርፌ ከተቀየረ ወደ ፊት የሚወጣው ርዝመት ይለካል፤ ከረዘመ የጥይቱን ቂጥ ይበሳል፣ ካጠረ አይተኩስም። ማቀባበያ ከተቀየረ ግን ከላይ የተጠቀሰው ዋና ልክ እንደገና ይመረመራል። ይህን የሚሠራው መለኪያ ያለው ባለሙያ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ብቻ ያደርገዋል።

እንጨቱም ይለካል። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ብርዳማና ጭጋጋማ ናት፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በጨንቻ እርጥበት ያበጠ ሰደፍ ወደ ሴቻ ሲወርድ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል፣ ብሎኖቹም ይላላሉ።