የምንጠብቀውን መስሎ የሚመጣ መልእክት

በ2005 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም የአንድን ፋይል ጉድ ይፋ አወጣ። ፋይሉ ሲከፈት የተቃዋሚው ድርጅት የግንቦት 7 አመራሮች ፎቶግራፍ ይታያል። ተመልካቹ ፎቶውን ሲያይ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም በስውር ይጫንና የለቀመውን ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርክ ላይ ወደሚገኝ ሰርቨር ይልካል።

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊም ኮምፒውተሩ በዚሁ ፕሮግራም መያዙን ደረሰበት። የፍርድ ቤት መዝገብ «ኪዳኔ» በሚል የተለወጠ ስም ያውቀዋል። መግቢያው በኢሜይል የደረሰው የዎርድ ሰነድ ነበር። ከአራት ወራት በላይ የስካይፕ ንግግሩና ኢሜይሉ፣ የቤተሰቡም የኢንተርኔት ፍለጋ ሲቀዳ ከረመ።

ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ተራው የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሆነ። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሦስት ሙከራ ተደረገባቸው፤ መሣሪያው ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ምርት ነበር። ከመልእክቶቹ አንዱ የመጣው ቀድሞ ከጣቢያው ጋር ይሠራ በነበረ ሰው የስካይፕ ስም ነው። በ2007 ክረምት መግቢያ ላይ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተሰብሮ 400 ጊጋባይት ሰነዱ ሲበተን፣ ከደንበኞቹ መካከል የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ተገኘ።

በመስከረም 2009፣ በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ካለቀ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ለአክቲቪስቱ ጃዋር መሐመድ የቪዲዮ ሊንክ የያዘ ኢሜይል ተላከለት። ሊንኩ የሚታወቅ የቪዲዮ ድረ ገጽን አስመስሎ ወደተሠራ ገጽ ይወስዳል፤ ገጹም «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ማጫወቻዎን ያድሱ» ይላል። ማደሻ የተባለው ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም ነበር። ጃዋር ተጠራጥሮ ኢሜይሉን ለሲቲዝን ላብ አስተላለፈ፤ ዘመቻውም በኅዳር 2010 ተጋለጠ።

እነዚህን መልእክቶች አንድ የሚያደርጋቸው ተቀባያቸው ሊያነባቸው የሚጓጓላቸው መሆናቸው ነው። ሐዘን ላይ ላለ የሐዘኑን ቪዲዮ፣ ለጋዜጠኛ ጽሑፍ፣ ለተቃዋሚ የመሪዎቹን ፎቶ ያቀርባሉ።

ሕጋችን ግን ስላልተፈለገ መልእክት በሚናገርበት አንቀጹ ዓይኑን የጣለው ማስታወቂያ ላይ ነው። ግንቦት 30 ቀን 2008 የጸደቀው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15፣ ሸቀጥ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ያለተቀባዩ ፈቃድ ኢሜይል የሚበትን ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል ይላል። ላኪው እውነተኛ ማንነቱንና አድራሻውን ከገለጸ፣ «አልፈልግም» ማለት የሚቻልበትን ቀላል መንገድም ካስቀመጠ ግን አያስቀጣውም። ነጋዴው በዚህ ይመዘናል። አስመሳዩ ላኪ ግን ማንነቱን ከነአድራሻው አሳምሮ ይጽፋል፤ የሚጽፈው የሌላ ሰው ማንነት ነው እንጂ።

መካነ ሰላም ወይም አምባ መቅደላ ያለ አንባቢ «እኔን ማን ብሎ ይሰልለኛል?» ይል ይሆናል። ዘዴው ግን ከኢሜይል ወጥቶ እያንዳንዱ ሰው ኪስ ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ የገበያ ወግ ሆኗል፤ ከአዲስ አበባም ከዓረብ አገርም ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብ ወሎ ውስጥ ብዙ ነው። አጭበርባሪው ይህን ያውቃል። በመጀመሪያ «3,000 ብር ገቢ ሆኖልዎታል» የሚል አጭር መልእክት ይልካል። ወዲያው ይደውላል፦ «እናቴ፣ ለልጄ መድኃኒት የያዝኩትን ብር በስህተት ላንቺ ላክሁት፤ በወላዲቷ ይዤሻለሁ፣ መልሺልኝ።» ርኅሩኅ እናት ያልገባላትን ብር ከራሷ ላይ ትልካለች።

መልእክቱን ጠጋ ብሎ ለሚያየው ግን ነገሩ ይገለጣል። የቴሌብር ማሳወቂያ የሚመጣው ከ127 ነው፤ ይህኛው የመጣው በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር ነው። ከመልእክቱ ይልቅ ሒሳቡን ማመን ይሻላል፤ *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳብ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢገኝ እንኳ በራስ እጅ መመለስ አይገባም፤ ላኪው ለቴሌብር አመልክቶ በወጉ ያስመልስ። የሚስጥር ቁጥርና በስልክ የሚላክ ማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ ለባንክ ሠራተኛም አይነገርም።

ኢሜይል ላይም ጥንቃቄው ከዚህ አይርቅም። የላኪው ስም እንደልብ የሚጻፍ ነገር ስለሆነ መታየት ያለበት ከስሙ ጀርባ ያለው አድራሻ ነው። ፎቶ የሚመስል ፋይል የመጨረሻ ፊደላቱ «ኢ.ኤክስ.ኢ.» ከሆኑ ፎቶ አይደለም፤ ዊንዶውስ እነዚህን ፊደላት ስለሚደብቅ እንዲታዩ አድርጎ ማስተካከል ይበጃል። ፍላሽ ከታኅሣሥ 2013 ወዲህ ድጋፉ ስለተቋረጠ አድሱት የሚል ሁሉ ውሸታም ነው። ለማይታወቅ ላኪ «አትላክልኝ» ብሎ መመለስም አድራሻው ሰው ያለበት መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ስፓም ብሎ ምልክት አድርጎ መተው ይበቃል። ከሚያውቁት ሰው ያልጠበቁት ፋይል ሲመጣ ግን ለዚያው ኢሜይል መልስ ከመጻፍ በቆየው ስልኩ ደውሎ «አንተ ነህ የላክኸው?» ማለት ይሻላል።

ኪዳኔ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ የመሠረተው ክስ መጨረሻ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደምንሻ ያሳያል። በመጋቢት 2009 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የኢትዮጵያን መንግሥት እዚያ መክሰስ አይቻልም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ጠበቃ፣ ማስረጃና የኃያል አገር ፍርድ ቤት የነበረው ሰው ካሳ አላገኘም። እንደ ተራ ሰው የተሻለው ዕድላችን ከመክፈታችን በፊት ያለችው ደቂቃ ናት።